በሦስት እግር ወደ ሁላ

አይሱዙዋ ከሀዋሳው አዲስ ከተማ ሰፈር ወጥታ ወደ ዋናው አስፋልት ስትታጠፍ ከኋላ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። ብሩክ ፍሬኑን ረገጠ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሎሚ ናት። መታች» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ጋሼ ማርቆስ።

ሎሚ የሽማግሌው ባዝራ ናት፤ እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋም ደርሷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሐይቁ ዳር ወልዳ ሁለቱም ውርንጭሎች በሙቀትና በዝንብ ሞተውባታል። ሦስተኛውን ግን ጋሼ ማርቆስ እሳቸው በተወለዱበት በሁላ ደጋ፣ ቀዝቃዛው ሣር ላይ እንድትወልደው ቆርጠዋል። ለዚህ ጉዞ ከብሩክ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ ቢያንስ ብሩክ እንዲህ ነበር የሚያስበው። የፈረስ መጫኛ መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። በዚያ ጠዋት እንኳ ጎማዎቹን በቡጢ እየደበደበ ዞረ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ ዘይቱን ለካ፣ የመወጣጫውን ማጠፊያ ግራሶ ቀባ። የፈረስ ኮቴ እንዳያንሸራትት የካሶኒውን ወለል በወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ሸፍኖ ዙሪያውን በምስማር መትቶታል። ፈረስ ባወረደ ቁጥር ደግሞ ውሃ እየለቀቀ ያጥበዋል። ሚስቱ ሄራን «አንድ ቀን እንኳ ቤቱን እንዲህ ብታጥብልኝ ምናለ!» እያለች ትስቅበታለች።

ታዲያ ምን ጎደለ? ወርዶ አየ። ሎሚ የግራውን ግድግዳ ተደግፋ፣ የቀኝ የኋላ እግሯን አንጠልጥላ ቆማለች። ምንም የለም። ገመዷን አሳጥሮ አሰራትና ወደ ጋቢናው ተመለሰ።

ከአለታ ወንዶ በላይ ዝናቡ ያዛቸው። እንደ ቀልድ ጀምሮ በአንድ አፍታ ተራራውን ዋጠው። አስፋልቱን ናዳ ዘግቶት ስለነበር ብሩክ መሪውን ጠምዝዞ በጫካው ውስጥ ወደሚያልፈው የድሮ መንገድ ገባ። ጎማዎቹ ጭቃውን እየፈተሉ ይረጩታል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ መስታወቱን ይገርፈዋል፣ ከኋላ ደግሞ ጓ! ጓ!

«ሸራው ነው። በነፋስ ሲርገበገብ አስደንግጧት ነው» አለ ብሩክ። ዝናቡ ውስጥ ዘሎ ወርዶ ሸራውን ወጥሮ አሰረው።

ጓ!

«መኪናዋ ስለምትነጥር ነው።» ወርዶ ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈሰ።

ጓ! ጓ!

«ኧረ ምን ሆነሻል አንቺ! ዝም በይ!» ሲል በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸባት። እውነቱን ለመናገር ግራ ገብቶታል፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ መጮህ ይቀናዋል።

ጋሼ ማርቆስ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጅብ ነው። ፈረስ ጅብ ሲሸታት እንዲህ ናት።»

«በቀን ጅብ ከየት ይመጣል ጋሼ?»

ግን መጣ። ሊመሽ ሲል ጉሙ ወርዶ ቀርከሃው መሃል ሲገቡ፣ ሁለት ጅቦች መንገዱ ዳር ጎብጠው ቆመው ታዩ። አንደኛው ከመኪናዋ ኋላ ኋላ እየተከተለ ወደ ካሶኒው አንጋጠጠ። ብሩክ ጡሩንባውን ሳያቋርጥ ነፋ፤ ጋሼ ማርቆስም በሩን ከፍተው በሲዳምኛ እየተሳደቡ በዱላቸው የመኪናዋን ቆርቆሮ ደበደቡ። ጅቦቹ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

«አላልኩህም?» አሉ ሽማግሌው፤ ልክ በመሆናቸው ደስ ብሏቸዋል። ብሩክም ቢሆን እፎይ አለ። ቢያንስ ምክንያቱ ታወቀ።

ጅቦቹ ከራቁ በኋላም ሎሚ መምታቷን አላቆመችም።

አንድ መኪና ብቻ ከሚያሳልፈው ገደል ዳር ሲደርሱ ድንች እስከ አፉ የጫነ ሌላ አይሱዙ ከላይ እየወረደ ፊት ለፊት ተገተረባቸው። ሾፌሩ ደረሰ የሚባል ጎልማሳ ነበር። አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«ወደ ኋላ በል!»

«አንተ በል! የጫንኩት እርጉዝ ባዝራ ናት!»

«እኔ የጫንኩት ድንች ነው፤ ድንቹ እኔን ይዞኝ ገደል ይግባ?»

ብሩክ ጥርሱን ነክሶ የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ከኋላ አንድ ነገር ተሰበረ፤ ባዝራዋም ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አሰማች።

ሞተሩን አጥፍቶ ካሶኒው ላይ ዘሎ ወጣ። ሎሚ ግድግዳው ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ዙሪያዋን አየ፤ ሸራው ደህና ነው፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ግድግዳው ደህና ነው። ሌላ የሚያየው ነገር ሲያጣ አንገቷን አቅፎ ወደ ፊት ሳብ አደረጋትና እሷ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ እግሯን ባነሳችበት በኩል ራሱ ቆመ።

ወለሉ ከዳው። ምንጣፉ ከምስማሩ ተላቆ ቀኝ እግሩ እስከ ጭኑ ሰመጠ።

«ጋሼ! ድረሱልኝ!»

ጎትተው አወጡት። ብሩክ ምንጣፉን በጎማ መፍቻው ፈልቅቆ ገለበጠው። ከስር ያለው ጣውላ እንደ ራሰ ዳቦ በእጅ ይቆረሳል። ጠርዙ ላይ ያልበሰበሰው ጣውላ ግን ተሰንጥቆ ሹሉ ምንጣፉን በስቶ ወደ ላይ ወጥቷል። በቀዳዳው የመንገዱ ጭቃ ታየው። ለወራት ያፈሰሰው ውሃ ከፈረስ ሽንት ጋር እየተቀላቀለ በምንጣፉ ጠርዝ ሾልኮ ከስር ተኝቶ ኖሯል። በምስማር ስለመታው አንስቶት አያውቅም። ንጹሕ መስሎት ነበር። እሱ ባጠበ ቁጥር ወለሉ ሲበሰብስ ከርሟል።

የድንቹ ሾፌር ደረሰ ካሶኒው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን አየ። ተመልሶ ሄዶ ከራሱ መኪና የጎን አጥር ሁለት ጣውላ ነቅሎ አመጣና በበሰበሰው ወለል ላይ አጋደመው። «ቀስ እያላችሁ አውርዷት። እኔ ወደ ኋላ እላለሁ» አለ። ሎሚ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ እየሞከረች ወረደች።

ከዚያ ወዲያ ሎሚን በዚያ መኪና መጫን አይታሰብም። አይሱዙዋን ጥግ አስይዘው በእግራቸው ቀርከሃውን ሰንጥቀው ወጡ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ሎሚ መሃል እያነከሰች፣ ብሩክ ከኋላ በባትሪና በዱላ። ጅቡ ተመልሶ መጣ። ብሩክ ድንጋይ እያነሳ ወረወረ፣ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነስቶ እንደገና ወረወረ። የሚፈራው ለራሱ አልነበረም። ሁላ የሚኖረው የጋሼ ማርቆስ ወንድም ቅጥር ግቢ ሲደርሱ ብሩክ ከመጮህ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

ማለዳ ላይ ሎሚ ወለደች። ጥቁር ውርንጭላ ነው፤ እየወደቀ እየተነሳ ቆመና ጡት ያዘ። ጋሼ ማርቆስ የእናቲቱን የቀኝ የኋላ እግር አንስተው አገላበጡት። ከኮቴዋ በላይ ደም የደረቀበት ረጅም የጣውላ ስንጣሪ ተሰክቷል።

«ይሄ የማታው አይደለም» አሉ ቁስሉን እየነካኩ። «ከሀዋሳ ስንወጣ ነው የገባባት። መንገዱን ሁሉ በሦስት እግር ቆማ ነው የመጣችው።»

ብሩክ ትናንት ቀኑን ሙሉ «ዝም በይ» ሲላት ነበር የዋለው። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን አንገቷ ላይ አስደገፈ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ሎሚ» አለ።

«እሷ አማርኛ አትሰማም» አሉ ጋሼ ማርቆስ፣ ስንጣሪውን ቀስ ብለው እየነቀሉ።

«በሲዳምኛ ምን ይባላል ጋሼ?»

ሽማግሌው ነገሩት። ብሩክ ምላሱ እየተሳሰረ፣ እሳቸውም እያረሙት፣ በትክክል እስኪወጣለት ድረስ ደጋግሞ አላት።