የኢያቄም ዐሥረኛ ገጽ

ኢያቄም ከሆቴሉ ጓሮ፣ ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 1998 ዓ.ም.። ያገኘው የሆቴሉ ዘበኛ አያ ደባሱ ነው።

ላሊበላ ላይ የድኅረ ምረቃ የፍልስፍና ተማሪዎች ጉባኤ ከተከፈተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጧት ጥናት ይቀርባል፤ ከሰዓት በኋላ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይሰጣል፤ ፍልስፍና ተምሮ እንጀራ ማግኘት ቀላል አይደለምና። የሁሉም ዓይን ግን አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ በሰጠው አንድ ቦታ ላይ ነበር። ትናንት እራት ላይ ቦታው የኢያቄም መሆኑ ተነገረ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ ከልባቸው ያጨበጨቡት ግን አስተናጋጆቹ ብቻ ነበሩ።

«አዳልጦት ነው» አሉ የጉባኤው መሪ ዶክተር ወልደ ሩፋኤል።

«የወገል ጤና ልጅ እኮ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያደገው» አለች ኢንስፔክተር ውባንቺ።

ከአፋፉ ፀሐይ ያልደረሰበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጤዛው እንዳለ ነው፤ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተጠርጓል። ሁለት ሰው ተቀምጦበታል። ከሟቹ የካፖርት ኪስ ማስታወሻ ደብተር አወጣች፤ የመጨረሻውን ገጽ አነበበችና ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አያ ደባሱ፣ በሕይወት ያዩት መቼ ነው?»

«ጎሕ ሲቀድ ነዋ እቴ። መጣና ‹ምቀኝነት ጎድቶዎት ያውቃል?› አለኝ። በማለዳ እንዲህ ያለ ጥያቄ! እኔም የበሬዬን ነገር ነገርሁት። ጎረቤቴና እኔ አንዳንድ በሬ ይዘን መቀናጆ ነበርን፤ በሬዎቻችንን ጠምደን በየተራ እናርሳለን። የሱ በሬ በለጠብኝና ‹ምነው በሞተ› አልሁ። ሞተላችሁ! የኔውም ብቻውን ቀረ፤ መሬቴም ጦሙን አደረ። ልጁ ሳቀና ቆሞ ጻፈው። ‹ዛሬ ጥናቴ ላይ እጨምረዋለሁ› ብሎ ወደ ገደሉ ሄደ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን? ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሬሳውንና እናንተን ነው።»

ውባንቺ አንድ ፖሊስ አጠገባቸው አስቀመጠች።

የቀሩት ተማሪዎች ለጥናቱ ሰዓት ሊመለሱ ሳይነጋ ለጉብኝት ወደ ገነተ ማርያም ሄደዋል። ሆቴሉ ውስጥ የነበሩት ዶክተሩና ለቦታው የተወዳደሩት ፅናትና ሰማኸኝ ናቸው። ሦስቱም ከእራት በኋላ ኢያቄምን አላየነውም አሉ።

«ቀንቼ ነበር» አለች ፅናት ዓይኗ አብጦ። «እንኳን ደስ ያለህ ማለት አቅቶኝ እራቴን ጥዬ ወጣሁ። አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?»

«እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ላለ ቦታ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ቀርቻለሁ» አሉ ዶክተሩ። «ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።»

ሰማኸኝ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። «ጓደኛዬ ነበር። በጓደኛዬ አልቀናም» አለ።

ውባንቺ ከሦስቱ ያልቀናው እሱ ብቻ መሆኑን ልብ አለች።

ወዲያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። አያ ደባሱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ዛሬ የኢያቄም ተራ ነበር። እንደ ወጋችሁ ተቹት፤ እኔ ልስማ።»

ዶክተሩ ለሁሉም የታደለውን ዘጠኝ ገጽ አነበቡ። ርእሱ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ነው፤ ቅናት ከተቀናበት ሰው በፊት ቀናተኛውን ይጎዳል ይላል። ፅናት በለሆሳስ፣ አራተኛው ገጽ ላይ መንፈሳዊ ቅናትን ከምቀኝነት አልለየም አለች።

«አንተስ?» አለች ውባንቺ። «መልስ የለህም መሰለኝ። ለካ ቦታውን ያለ ነገር አልሰጡትም!»

የሰማኸኝ ፊት ቀላ። «መልስማ አለኝ! የሁለቱ ገበሬዎች ምሳሌ አይሠራም። የአንዱ በሬ ሞት ሌላውን የሚጎዳው አብረው ስለሚያርሱ ነው። ቦታው አንድ ሲሆን ግን የአንዱ መውደቅ ለሌላው ጥቅም ነው!»

ዶክተሩ በልማድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመሩ። «የትኞቹ ገበሬዎች?»

«ዘጠኙ ገጽ ውስጥ የሉም» አለች ውባንቺ ደብተሩን እያወጣች። «አያ ደባሱ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነገሩት፤ እዚህ ላይ ጻፈው። ደብተሩ አብሮት ወደቀ፤ ከኪሱ ካወጣሁት ወዲህ ከእጄ አልወጣም። አያ ደባሱም ለማንም አልተናገሩም። ድንጋዩ ላይ ግን ሁለት ሰው ተቀምጧል። እንግዲህ ይህን ገጽ ሊሰማ የሚችለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ከእራት ወዲህ አላየሁትም ብለሃል።»

ሰማኸኝ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ጨመደደው።

«አነበበልኝ» አለ በመጨረሻ። «እየሳቀ ‹እንዴት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ድንቅ ነበር፤ መልስ አጣሁለት። ቦታውን ወስዶ ሳያበቃ ይህንንም ሲጨምርበት ቅናት አንገበገበኝ። ሲነሣ ገፋሁት። መልሱ የመጣልኝ ከወደቀ በኋላ ነው።» ቀና ብሎ ዶክተሩን አያቸው። «ግን ልክ አይደለም? መልሴ ልክ አይደለም ወይ?»

የመለሰችለት ፅናት ናት።

«ልክ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ አዳራሽ ቆመህ ብትነግረው ኖሮ ይቀበልህ ነበር፤ በግርጌ ማስታወሻው ስምህን ጽፎ ያመሰግንህ ነበር።»

ሰማኸኝ ያለቀሰው ይህን ሲሰማ ነው።