እስከ ማታ ዳኛ

ማሜ ክዳኑ በተገፈፈ ጎጆው ደጃፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከሮቤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው አዲሱ መንደር እንዲሰፍሩ ታዘው ነበር። ሁሉም እሺ ሲል እሱ ብቻ እምቢ አለ። የቤቱን ሣር በግድ የገፈፉት ለዚህ ነው።

አባይነሽ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የታሪክ አስተማሪ ናት። የወረዳው ዳኛ ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር «ለጊዜው አንቺ ያዢው» ተብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዘመኑ እንዲህ ነበር፤ ዳኛውን ወስደው የፍርድ ቤቱን በር ክፍት ይተዉታል፣ ፍርድ ያለ እንዲመስል።

ቁስሉ ከጆሮው ጀርባ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሲሆን በአንድ ጫፉ ማዕዘን የመሰለ ነገር ጠልቆ ገብቷል። አጠገቡ ጫፉ በደም የተለወሰ ዘነዘና ተጋድሟል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓድ ዳኛ» አለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምሴ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ። «ሚስቱ ናት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ በአጥራቸው ሥር ሳልፍ ትጮህበት ነበር። ‹ቦሩ ሲን አጄሳ› አለችው። ነገ እገልሃለሁ ማለቷ ነው። ነገ እስኪሆን እንኳ መቼ ታገሰች!» ብሎ ሳቀ።

ሬሳ ፊት መሳቁ አንገበገባት። ትርጉሙን እንዲነግራት አያስፈልጋትም ነበር፤ ኦሮምኛውን ከገሰራዋ እናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች።

በዚያው ቀን የሟቹን ሚስት ሞሚናን ችሎት አቀረቧት።

«የባል ስም?» አለ ጸሐፊው።

«የከድር አባት።»

«ስሙን ነው የጠየቅሁሽ!»

በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«የአማትሽስ?»

አንገቷን ደፋች። ጸሐፊው «ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ ጻፈ። ከኋላ «ኃጢአቷ ምላሷን ያዘው!» የሚል የደምሴ ድምፅ ተሰማ።

አባይነሽ በኦሮምኛ ጠየቀቻት። «የት ነበርሽ?»

«ጎረቤቴን ምጥ ይዟት እሷ ዘንድ ነበርኩ። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ራሱን ታቀፍኩት። አልተናገረኝም።»

ምጥ ያለበት ቤት በሴት ተሞልቶ ስለነበር መቼ እንደወጣች ያስተዋለ አልነበረም።

ቀጥሎ የሟቹ አባት፣ ሽማግሌው ቦሩ ቀረቡ።

«ኦቦ ቦሩ፣ ከልጅዎ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ከመንግሥት ጋር አትጋጭ፣ ቤቱን አፍርስ አልኩት። ‹ፍርሃቱን ለራስህ ያዘው› አለኝ። በዱላዬ ጀርባውን መታሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የመጨረሻ ቃላችን ይኸው ሆነ።»

ዱላቸውን ተቀብላ አገላበጠችው። ድቡልቡል የወይራ ዱላ ነው።

መጨረሻ የቀረበው ጫሊ ነበር፤ የማኅበሩ ዘብ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው።

«ጣራውን የገፈፍከው አንተ ነህ?»

«ታዝዤ ነው፣ እመቤቴ። ማሜ ደግሞ ደምሴን ሕዝብ ፊት ‹ከሣር ጋር የሚዋጋ ጀግና› አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም… ትንሽ ስቄያለሁ።»

«ጠመንጃህ የታለ?»

«ጎባ ለጥገና ከሄደ ሰነበተ። አሁን መሣሪያዬ ይህ አለንጋ ነው።»

በማግስቱ ሁሉም ችሎቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሞሚናን ወደ ጎባ የሚወስደው ካሚዮን ሞተሩን አስነስቶ ውጭ ቆሟል። በዚያ ዓመት ወደ ጎባ የተጫነ እስረኛ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አልታየም። የቀረው የአባይነሽ ፊርማ ነው።

«ደምሴ፣ ምለሃል?»

«ምያለሁ።»

«ያለችው ‹ቦሩ› ነው? ሌላ ቃል አይደለም?»

«ቃል በቃል! ኦሮምኛ የማልችል መሰለሽ እንዴ? ከራሳቸው እበልጣለሁ።»

«ኦቦ ቦሩ፣ ምራትዎ ‹ነገ› ማለት ስትፈልግ ምን ትላለች?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። «‹ባሪ› ነው የምትለው፣ ጎህ ሲቀድ እንደማለት። ሌላ ምን ትበል? ስሜ ቦሩ አይደለም እንዴ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ጸሐፊው ግን አልገባውም። አባይነሽ ቆማ ወደ እሱ ዞረች።

«ጻፍ! እዚህ አገር ያገባች ሴት የባሏንና የአማቷን ስም አትጠራም። ለጉ ይሉታል። ስሙን የሚመስል ቃልም ከአፏ አይወጣም። ቦሩ በኦሮምኛ ‹ነገ› ነው። ይህች ሴት ከተዳረች ወዲህ ያን ቃል ተናግራ አታውቅም። ደምሴ ቋንቋውን ያውቃል፤ ቤታቸው ግን እንግዳ ሆኖ ገብቶ አያውቅም። የገባው ሲያፈርስ ብቻ ነው!»

«ሰው ሲናደድ ሁሉን ይረሳል!» ጮኸ ደምሴ።

«ትናንት እዚሁ ቆማ፣ ሞት ተደግሶላት፣ ስም ጥሪ ስንላት ያልጠራች ሴት በጓዳ ጭቅጭቅ ለጉዋን ትጥላለች? ያልተባለ ቃል ሰማሁ ብለህ የማልኸው ለምንድን ነው? ዘነዘናው ድቡልቡል ነው፤ ደም የተቀባው ለማሳሳት ነው። የአባቱ ዱላም እንደዚያው። ቁስሉ ግን ቀጥ ያለ ጠርዝና ማዕዘን አለው። እንዲህ የሚያቆስል የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ከመንደሩ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ጎባ ነው። ሃምሳ አለቃ ዋቆ፣ ሁለተኛውን ያምጡልኝ።»

ፖሊሱ ዋቆ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከደምሴ ሰዎች አንዱ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«አንቺ ጊዜያዊ ነሽ!» አለ ደምሴ ጣቱን እየቀሰረ። «እስከ ማታ ከዚያ ወንበር አስነሳሻለሁ!»

«ታስነሳኛለህ። እስከ ማታ ግን ዳኛ ነኝ። ሃምሳ አለቃ!»

ዋቆ አባይነሽን አየ፣ ደምሴን አየ። ከዚያ ተራምዶ ጠመንጃውን ከትከሻው ላይ ነጠቀው። የሰደፉ ብረት አንዱ ማዕዘን ወደ ውጭ ጎብጧል። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። ሽማግሌው ቦሩ አዩትና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ከሣር ጋር የሚዋጋ አለኝ!» አለ ደምሴ፤ ድምፁ ሰለለ። «ሕዝብ ፊት አሳቀብኝ! ማታ ብመለስበት ደግሞ እንደገና ሳቀብኝ… አንዴ ብቻ ነው የመታሁት!»

«ያን ሳቅ ነው በሚስቱ ነፍስ ልታስከፍል የነበረው» አለች አባይነሽ። «ካሚዮኑ ባዶውን አይሂድ። ጫኑት።»

በጎን ካለው ቢሮ ስልክ መጮህ ጀመረ። ጸሐፊው ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ!» አለችው። ሹልክ ብሎ የወጣው ሰውዬ የት እንደደረሰ ገብቷታል። የመፍቻውን ትእዛዝ ጽፋ ፈረመች፤ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታችው። ስልኩ ይጮሃል። ዋቆ የሞሚናን እጅ ፈታ። ስልኩ ይጮሃል። ሴቲቱ ከአማቷ ኋላ ኋላ እየተራመደች ግቢውን አልፋ በገሰራ መንገድ፣ ከገብሱ ማሳ ወዲያ ከዓይን እስክትሰወር አባይነሽ መስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀች።

ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«አቤት» አለች። «ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁን ጨርሻለሁ።»