የማኅደሩ ጀርባ

እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፤ ያን ቀን ልቧ ሥራው ላይ አልነበረም።

ጠበቃው የሃያ ዓመት ማኅደሮቹን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሲወስን፣ ሥራውን ለሁለት ሰው ሰጠ፤ ማኅደሮቹን ስድስት ዓመት ስትጠብቅ ለኖረችው ጸሐፊውና አዲስ ለተቀጠረው የኮምፒውተር ባለሙያ። ባለሙያው ሳምንት ሳይሞላው «መዝገቤ» የሚል ስም አወጣላት።

«መዝገቤ፣ ሽፋኑንም ስካን አድርጊ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ጋሼ ቀጠሮ በእርሳስ የሚጽፉት ጀርባው ላይ ነው።»

«ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ፣ አንተ ልትነግረኝ?»

ሳቀ። ሲስቅ ወደ መሬት ያያል። እሷ ያንን ሳቅ ለማየት ስትል ሥራዋን ትረሳለች።

የራሷ መግቢያ ገና ስላልተከፈተላት በእሱ የይለፍ ቃል ነበር የምትሠራው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ነይ ሻይ እንጠጣ» ሲላት፣ በእጇ የያዘችውን ማኅደር ጀርባውን ሳታገላብጥ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። የአንዲት ልብስ ሰፊ አሮጊት የቤት ክርክር ነበር።

ቀጠሮው ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። በቀኑ ማንም ፍርድ ቤት አልቀረበም። መዝገቡ ተዘጋ።

ጠበቃው ኮምፒውተሩን ሲያይ፣ ማኅደሩን ያስገባው ሰው ስም የባለሙያው ነው።

«አንተ ነህ?»

ባለሙያው አንድ ጊዜ ወደ እሷ አየ። የታመሙ አባቷ ከእሷ ሌላ ሰው እንደሌላቸው ያውቃል።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ።»

እሷ ዝም አለች።

«መዝገቡ እንዲከፈት አመለክታለሁ። እንዴት እንደተሳሳትክ በቃለ መሐላ ታረጋግጣለህ።»

«እሱን እንኳ አልችልም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ፣ መማል አልችልም?»

ባለሙያው ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ለእሷ ሲል ሰው ፊት ዋሸ፤ ፈጣሪን ጠርቶ ግን መዋሸት አልሆነለትም። ይህ የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት። በአራተኛው አሮጊቷ መጡ። ስለ ቤታቸው ሊጠይቁ መጥተው፣ «ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? አሞሻል እንዴ?» አሏትና መርፌ በበሳሳው ጣታቸው ጉንጯን ዳበሷት።

ያን መቻል አቃታት። ወደ ጠበቃው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ የምምለው እኔ ነኝ።»

ማመልከቻው ተቀባይነት ባገኘ ዕለት ማኅደሩን ታቅፋ ባለሙያው እህቱን ወደሚያግዝበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ጠበቃው ሁሉን እንደነገረው ከፊቱ ያስታውቃል።

«ማን ተናገሪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ አሁን ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም። እማማ ገና ቤታቸውን አላገኙም። አንተንም ከሥራህ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። አይቼህ ዝም አልኩ።»

እሱ ወደ ማሽኑ ዞረ። የተፋውን ወረቀት ሰብስቦ አስቀመጠ። ከዚያ ማኅደሩን ተቀብሎ ፊቱን አነበበ።

«ጀርባውንስ?» አለችው።

አገላበጠው። አዲሱ ቀጠሮ በጠበቃው እርሳስ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ሰኞ ጠዋት ሁለታችሁም ቢሮ። የይለፍ ቃል ለየብቻ!»

ሳቁን ሰማችው። ቀና ብላ ልታየው ጓጓች፤ ግን አስቀድማ የቀጠሮውን ቀን ስልኳ ላይ መዘገበች፣ ደግማም አመሳከረች።

ከዚያ ቀና አለች።