ዓይኑ የወደቀ ካርድ

ካርዱን መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችው እሷ አይደለችም።

መርፌ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በር ላይ ቆማ ደግማ አየችው። ነጭ ወረቀት፣ መሃሉ ላይ በማሽን ተቆርጦ የወጣ አንድ ቃል፦ «ሰላም»። ለመንገደኛው የሰላምታ ካርድ ነው። ለዶቃ ግን «ግቢና ወረቀቱን ስጪኝ» ማለት ነው። ዶቃ፣ እንደ መርፌ ሁሉ የምስጢር ስሟ ነው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የመርፌን ጓዶች አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው ስም ከመዝገብ አውጥታለች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በዚህ መስኮት በኩል ታልፋለች። መልኳን ከመርፌ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለስድስት አሥር ጉዳይ።

ባለሱቋ ካርዱን ጠዋት በሩ ሥር፣ መርፌ ካርዶቿን በምትልክበት ፖስታ ውስጥ አግኝታ መስኮቱ ላይ እንዳስቀመጠችው ነገረቻት። መርፌን በካርድ ሠሪነቷ እንጂ በሌላ አታውቃትም። «በአንድ ቃል የሚግባባ ሰው ካለማ፣» አለች እየሳቀች፣ «እኔን ሠላሳ ዓመት ባሌ ላይ ምን አስጮኸኝ፣ የኔ ልጅ?»

መርፌ ፈገግ አለች። ካርዱን አንስታ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው።

ሻካራ ነው።

ትናንት ማታ የማሽኗ ምላጭ ወረቀት ውስጥ የተረሳ የስቴፕለር ሽቦ መትቶ ጫፉ ተሰብሯል። የፊደሉ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ወረቀቱን ይቦጭቃል። ከዚያ ወዲህ ምንም አልቆረጠችም። ዛሬ በማለዳ ወጥታ አዲስ ምላጭ ገዝታለች፤ የተበላሸውም ካርድ ለናሙና ቦርሳዋ ውስጥ አለ። አውጥታ አስተያየችው። ቡጭቅጫቂው አንድ ነው።

ይህ ካርድ ዛሬ፣ እሷ በሌለችበት፣ በእሷ ማሽን ተቆርጧል።

የቤቷ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። አጎት ገባ።

አለቃዋ ነው፤ በሰው ፊት ግን አጎቷ። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። የመርፌ ማኅደርም ያለው በእሱ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው።

«ዛሬ ልትቀበያት ነው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ፣ አጎቴ።»

«በርቺ። እኔ እዚህ ጋዜጣዬን አነባለሁ። አላስቸግርሽም።»

ርክክብ ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ።

ካርዱን ወደ መስኮቱ ባትመልሰው እንዳወቀችበት ያውቃል። ብትመልሰው ዶቃ ትገባለች፤ እሱም መልኳን ያያል።

አራት ደቂቃ።

ጀርባዋን ሰጠችው። «ም» ሲቆረጥ ሁለቱ ዓይኖቹ፣ በክቦቹ ውስጥ የሚቀሩት ወረቀቶች፣ እንዳይወድቁ የሚይዟቸው ቀጫጭን የወረቀት ክሮች ናቸው። ዶቃን ካርድ መቁረጥ ያስለመደቻት ጊዜ ዓይናቸው የወደቀ አሥራ ሁለት ካርዶች ፊቷ ቀድዳ ጥላለች። እንዲህ ያለ ካርድ ከእጇ እንደማይወጣ ዶቃ ታውቃለች። «እቴ፣» ብላት ነበር ዶቃ ሰልችቷት፣ «እኔን ስትመርጪ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም።»

በጥፍሯ ገፋችው። አንድ። ሁለት። ከምስር ያነሱ ሁለት ክቦች መዳፏ ላይ ወደቁ።

ካርዱን መለሰችው።

«ምን ነበረው?» አለ አጎት።

«አቧራ።»

አየው። «ሰላም» ይላል። ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ስድስት ሰዓት። ዶቃ ከሰዎች መሃል ብቅ አለች። እጇ ቦርሳዋ ላይ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ዘገም አደረገች። ካርዱን አየች።

መስታወቱ ላይ ፀጉሯን አስተካከለች።

አለፈች።

ስድስት ተኩል ላይ አጎት ጋዜጣውን አጠፈ። «ቀረች?»

«ነገ ትመጣ ይሆናል።» ካርዱን ከመስኮቱ አነሳች። ወረቀት ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ በጓሮው በር ወጣች።

ፖስታ ቤት ገብታ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ፖስታ አሽጋ፣ ምላጩንና ቁልፉን የሚያስረዳ ሦስት መስመር ጨምራ ለአጎት የበላይ ላከች። አልፈረመችም። ብትፈርምስ? ማን መሆኗን የሚመሰክርላት ሰው አጎት ብቻ ነበር።

አጎት መታሰሩን የሰማችው ከወራት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ኮት ላይ ቁጥር እየለጠፈች ሳለ ነው። ዶቃ የት እንደገባች አልሰማችም። ወደፊትም አትሰማም።

ባልደረባዋ ቀድሞ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ካርድ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ኪሷ ውስጥ ያልተከፈተውን አዲስ ምላጭ በጣቶቿ አገላበጠችው።

«ምላጩ ተሰበረብኝ፣» አለች፤ ወደሚቀጥለው ኮት አለፈች።