ጭጋግ የለበሰው ፕላስቲክ

ተመራማሪው ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልባት የላቦራቶሪ አልጋ ላይ እንደተኛ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ጭንቅላት የሚያዞር የፕላስቲክ ማሟሚያ ፈሳሽ ሽታ ታፍኗል፤ የአየር መሳቢያው አይሠራም።

ልጁ በሩ ላይ ተንበርክካ «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ!» ትላለች። ሟቹ አሳድጎ ለሙያ ያበቃው ታናሽ ወንድሙ አቅፎ ያባብላታል።

«ዝም በይ የኔ ልጅ፣ መሳቢያውን ሳታበሪ መውጣትሽን ለማንም አልናገርም።»

ይህን ያለው ግን ጥበቃውም መርማሪውም በሚሰሙት ድምፅ ነበር። ባልደረቦቹ «ጋሽ ለምን» የሚሉት መርማሪ ጆሮውን አከክ አድርጎ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ማብራትሽን አታስታውሺም?»

«ያበራሁ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ፕላስቲኩን ሲያሳየኝ ነው አለማብራቴን ያመንኩት።»

ጠረጴዛው ላይ፣ መስታወት ላይ ፈስሶ የደረቀ ስስ ፕላስቲክ አለ። ወተት የነካው ይመስል ነጥቷል።

«ለምን ነጣ?»

አጎትየው መለሰ። «የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያግድ ነው። ዓይን የማያየው የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ አለበት። መሳቢያው እየሠራ ቶሎ ከደረቀ ይጠራል፤ መሳቢያ ከሌለ ብናኙ ይጓጉልና ይነጣል። አልፈርድባትም፤ ሰው ይረሳል።»

«ሁሉም ብናኝ አለበት?»

«አባቴ ለማነጻጸሪያ ባዶውንም ያፈሳል» አለች ልጅቷ። «እርጥበት ሲመታው ያም ይነጣል፤ ያኔ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል።»

ጥበቃው ተራው ሲደርስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሁለቱም ገቡ፣ ወጡ። እኔም ውሃ አስገብቻለሁ። ስለ መንጣት መጥራቱ ግን እኔን አይጠይቁኝ ጌታዬ!»

መርማሪው ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቦ ከኪሱ ያንኑ ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ የገንዘብ ኖት መፈተሻ መብራት አወጣ። ነጭ ወረቀት ላይ ሲያበራው ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ደመቀ። ልጅቷ ከመደርደሪያ ያወጣችውን የድሮ የዚንክ ፕላስቲክ ሲያለብሰው ወረቀቱ ጨለመ። የነጣውን ሲያለብሰው ግን እንደደመቀ ቀረ።

«ጨረሩ አለፈ፤ ስለዚህ ዚንክ የለበትም። ሟቹ ዛሬ የሠራው ይሄን አይደለም፤ ከቅርጫት የተለቀመ ባዶ ነው። ለምን ተለወጠ? እውነተኛው ጠርቶ ስለደረቀ። መጥራቱ ደግሞ ልጅቷ መሳቢያውን ማብራቷን ይመሰክራል። ሟቹ እንቅልፍ ሲወስደው አንድ ሰው መሳቢያውን አጥፍቶ፣ የማሟሚያውን ጠርሙስ ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። ልጅቷ በራሷ ላይ ማስረጃ አታኖርም። ጥበቃው መንጣት ምን እንደሚናገር አያውቅም። ማን ቀረ?»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ጥበቃው፣ ሳይጠየቅ።

አጎትየው ጮኸ። «ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ በልጁ ስም ሊያስመዘግብ! እኔ ረዳት ተብዬ ልቀር! የከዳኝ እሱ ነው!»

ልጅቷ በቀስታ ቀና አለች።

«እሺ፣ እሱ ከዳህ። እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ አባቴን ገደልኩ እያልኩ እንድኖር ነበር?»

«እኔ እኮ ነበርኩልሽ» አለ፣ እውነቱን ይመስል ነበር። «አይዞሽ የምልሽ እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ለራሷ ሳይሆን ለአባቷ ማልቀስ የጀመረችው።