ሁለት ተኩል ላይ ያልነበረው ደብዳቤ

ጋሽ ቅጂ የተገኙት በሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ፣ በጎናቸው እንደተኙ ነው። መነጽራቸው ከፊታቸው አልወረደም፤ የጃኬታቸው ዚፕ እስከ አንገታቸው ተዘግቷል። ከጣሪያው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ወርዶ ክፍሉን አየር አሳጥቶታል። እሳት ግን አልነበረም፤ ጭስ እንኳ የለም።

ሰውየው በዚህ ሆስፒታል የራጅ ምስሎች በሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ያገኙትን ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ፣ ሰላም ከማለታቸው በፊት «ቅጂ አለህ?» ብለው ስለሚጠይቁ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። እጃቸው የገባ ዕቃ ላይ ሁሉ፣ ወንበርም ይሁን ጃንጥላ፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው ስም ወይም ቁጥር ይጽፋሉ። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የሃያ ዓመት ምስል ጠፋባቸው የተባሉት! ከሦስት ቀን በፊት ትልቁ ማከማቻ ድንገት አልከፈት አለ። ሐኪሞቹ የአምናውን ሳንባ ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት አቅቷቸው በየመተላለፊያው ይነጫነጩ ጀመር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በጋሽ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ ይህ ተገኘ፦ «ምስሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ይቅር በሉኝ።» ፋይሉ የተጻፈበት ሰዓት ሁለት ከአምስት ይላል። ጋዙ የወረደው ሁለት ከሃያ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አራት ሰዓት ሳይሞላ «አፍረው ነው ራሳቸውን ያጠፉት» የሚለው ወሬ ከማዋለጃው እስከ ልብስ ማጠቢያው ተዳረሰ።

መርማሪዋ ስትደርስ አዲስ ጫማዋ እግሯን ፈጅቷት ታነክስ ነበር። ገና ከበሩ እንደገባች አንዲት ሴት ከአግዳሚ ወንበር ብድግ ብላ መንገዷን ዘጋችባት። የጋሽ ቅጂ ልጅ ነች፤ አስተማሪ። ከክፍል ተጠርታ ስለመጣች እጅጌዋ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ።

«እትዬ፣ ቀብሩ ነገ ነው» አለች። «አባዬ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ንገሪኝና ልቻለው። ካልሆነ ግን ይሄን ስም ይዞ አፈር እንዳይገባ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ባሌ ደውሎ ሲነግረኝ አመንኩት። አንዴ እንኳን 'አባዬ? በፍጹም!' አላልኩም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ወደ ሰርቨር ክፍሉ አለፈች።

በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የጋዝ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለ። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፦ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የሳጥኑን ቁልፍ ወደ «ዝግ» አዙሮ ይነቅልና ኪሱ ከቶ ይገባል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰካዋል። ቁልፉ ኪስ ውስጥ እስካለ ድረስ ጋዝ አይወርድም። ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ተሰክቶ «ክፍት» ላይ ከዞረ ግን በውስጥም በውጭም ካሉት ቀይ እጀታዎች አንዱን መሳብ ይበቃል። አሁን ቁልፉ ተሰክቶ «ክፍት» ላይ ዞሯል። ጎንበስ ብላ አየችው፤ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ «2» ይላል።

ሳጥኑ ፊት የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሻሹታል።

«ደወሉ ሲጮኽ ሮጬ መጣሁ። ቁልፉ እንደምታይው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሳጥኑ ማንንም አላስጠጋሁም፤ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ከዚያ በፊትስ የት ነበሩ?»

ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ጓሮ። ከአምቡላንስ ሾፌሩ ጋር… ካርታ ስንጫወት። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይሄን መናገር ሞት ነው። እዚህ ብሆን ማን እንደቆመ አይ ነበር።»

«መጀመሪያ የገባው ማነው?»

«የልጃቸው ባል ነዋ። ማራገቢያው ጋዙን ለመጥረግ አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ልክ እንዳለቀ ዘሎ ገባ። አቅፏቸው ሲያለቅስ አንጀቴን በላው።»

የልጃቸው ባል በክፍሉ ቴክኒሻን ነው። ጋሽ ቅጂ ሥራውን አስተምረውት፣ በኋላም ልጃቸውን ድረውለታል። ዓይኑ ቀልቶ በጋሽ ቅጂ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«አማቴ አይበሏቸው፤ አባቴ ናቸው» አለ።

«ከአንተ ሌላ አስከሬኑን የነካ አለ?»

«ማንንም አላስነካሁም። አቀፍኳቸው፣ ከዚያ ለሚስቴ ልደውል ወደዚህ መጣሁ። ደብዳቤውንም ያየሁት ያኔ ነው፤ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ።»

«ጠዋት ምን ተነጋገራችሁ?»

«ምንም። 'ሪፖርቴን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ለኃላፊው እሰጣለሁ' አሉና ገቡ። ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቃል ይቆጥባሉ።»

«ሪፖርቱ የታለ?»

«እኔ እንጃ። ይሄ ደብዳቤ ይሆናላ።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

የክፍሉ ኃላፊ በሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው አየር ያጠራቸው ይመስላሉ። ገና ሳትጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። «ሌላ ሕንጻ ላይ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቅጂ እንዲኖረን ጋሽ ቅጂ ስድስት ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ስድስቱንም መሳቢያ ውስጥ አኖርኳቸው። አሁን 'እሳቸው አጠፉት' ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። ተመልከች እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ!»

«የጋዙ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ሳጥኑ ላይ የሚውለው፣ አንዱ መጠባበቂያው፤ እሱ እኔ ጋ ነው።» መሳቢያቸውን ሳቡት። መቆለፊያ የለውም። ከስድስቱ ደብዳቤዎች ላይ ቁልፉን አንስተው ሰጧት። «ይኸው፤ አልጠፋም» አሉ እፎይ ብለው።

ፕላስተሩ «1» ይላል። መርማሪዋ ቁልፉን በመሀረቧ ጠቅልላ ያዘችው።

«ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ ኃላፊው፤ «መተላለፊያው ላይ ቆሜ። ቢሮዬ ክፍት ነበር።»

«አሁን ደግሞ የጋሽ ቅጂን ኮምፒውተር ይክፈቱልኝ። እርስዎም በዚሁ ሙያ ነው ያደጉት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ኃላፊው ፊታቸው ቀላ። «እህቴ፣ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ ከጻፍኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ስብሰባ ነው ያረጀሁበት።»

«ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ ማንም አይስቅብዎትም።»

በሁለት ጣታቸው እየፈለጉ ይጽፉ ጀመር። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የጋሽ ቅጂ ፕላስተር አለ፦ «የጠፋብህን እዚህ ፈልግ»፤ ከሥሩ በነጥብ የሚጀምር የማኅደር ስም። ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«ይሄ ማኅደር ስሙን ካልጻፍሽለት አይታይም። ስናፕሾት የሚባል ነገር አለ፤ ፋይሎቹ በዚያች ደቂቃ የነበሩበት መልክ ባለበት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ብትሰርዢም፣ ብትቀይሪም፣ ያኛው አይነካም። ትልቁ ሰርቨር ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሠራተኛው ፋይል ያለበት ትንሹ ላይም አብርተውታል ማለት ነው… በየሩብ ሰዓቱ!»

«እንግዲያው በየሩብ ሰዓቱ እንየው» አለች መርማሪዋ፤ ጫማዋን አውልቃ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ኃላፊው ቢሮ ተሰበሰቡ። ዘበኛው በሩ አጠገብ ቆሙ። ልጅቷና ባሏ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እጇን ይዟታል። መርማሪዋ ሁለቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ሁላችሁም ዛሬ አፍራችኋል» ብላ ጀመረች። «ዘበኛው በካርታ፣ ኃላፊው በስድስት ደብዳቤ፣ ልጃቸው ክፉ ወሬ በማመኗ። ግን ሰው አፈረ ማለት ገደለ ማለት አይደለም። ከቁልፉ እንነሣ። በቁልፍ መዝገቡ መሠረት አንድ ቁጥር በየቀኑ ሳጥኑ ላይ የሚውለው ነው። ሁለት ቁጥር የኃላፊው መጠባበቂያ ነው። ዛሬ ሳጥኑ ላይ የተገኘው ሁለት፣ መሳቢያው ውስጥ የተገኘው አንድ። ለምን ተቀያየሩ?»

ኃላፊው ቁልፎቹን እያፈራረቁ አዩ። «እጄ ላይ ይዤው… ልብ አላልኩም።»

«ጋሽ ቅጂ እንደ ሁልጊዜው አንድ ቁጥርን ነቅለው ኪሳቸው ከተው ገቡ። ሌላ ሰው መጠባበቂያውን ከመሳቢያ ወሰደ፣ ሳጥኑ ላይ ሰካ፣ አዞረ፣ የውጩን ቀይ እጀታ ሳበ። ደወሉ ሲጮኽ ሰውየው ለምን አልሮጡም? ቁልፉ ኪሳቸው ነበራ! ደወሉ ተበላሽቶ ነው ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ገዳዩ በኋላ ሁለት ቁጥርን ከሳጥኑ አንሥቶ ወደ መሳቢያው መመለስ ነበረበት። ግን ዘበኛው ሳጥኑ ፊት ተተክለዋል። አንድ ቁጥር የሟች ኪስ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለጣል። ስለዚህ ከኪሳቸው አወጣውና ባዶው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከሟች ኪስ ማውጣት የሚችለው ማነው? አስከሬኑን የነካው።»

ዘበኛው «ወይ ጉድ!» አሉ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። የልጅቷ እጅ ከባሏ እጅ ውስጥ ወጣ።

«ስላቀፍኳቸው?» አለ ቴክኒሻኑ። «አባቴን ስላቀፍኩ? ደብዳቤውስ? በገዛ እጃቸው ሁለት ከአምስት ላይ ጽፈውታል!»

«የፋይልን ሰዓት በአንድ ትእዛዝ ወደኋላ መመለስ ይቻላል፤ ኃላፊው አሳይተውኛል። ስናፕሾት ግን አይመለስም። በሁለት ከሩቡ ውስጥ ደብዳቤው የለም። በሁለት ተኩሉም የለም። ጋሽ ቅጂ ከሞቱ አሥር ደቂቃ ሆኗቸዋል፤ ደብዳቤያቸው ግን ገና አልተወለደም። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ብቅ ይላል። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ እሳቸው ቢሮ የገባኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ለሚስትህ ልትደውል።»

ቴክኒሻኑ ወደ በሩ አየ።

«ለምን የሚለው ቀረ። ኃላፊው ይንገሩን።»

ኃላፊው ተነሥተው ቆሙ። «ጋሽ ቅጂ ማከማቻውን ጎተራ ነበር የሚሉት። ብዙ ዲስኮች ተጋግዘው አንድ ጎተራ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዲስክ መንትያ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ከአምስት ወር በፊት ግን አንድ አዲስ ዲስክ ከመንትያው ጋር መያያዝ ሲገባው ብቻውን ጎተራው ላይ ተጨምሯል። እንዲያ ከተጨመረ በኋላ መልሶ ማውጣት የለም። ያ ብቸኛ ዲስክ ከሦስት ቀን በፊት ሲሞት ጎተራውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ጎተራው ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ ከነቀኑ ይመዘግባል፤ ያን መዝገብ ማንም አይሰርዘውም።»

«የትእዛዙ ቀን ይኸውና» አለች መርማሪዋ ወረቀት ለልጅቷ እያቀበለች። «አባትሽ ያን ዕለት የት ነበሩ?»

ልጅቷ ቀኑን አይታ፣ ባሏን ሳታይ ተናገረች። «ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ቤት ተኝቶ ነበር። ሁለቱም ዓይኑ ታስሯል። በማንኪያ የማበላው እኔ ነበርኩ።»

«ሥራ ላይ የነበረውስ?»

«እሱ። ብቻውን ነበር። ማታ መጥቶ 'ያለ አባትሽ ሠራሁት' ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

ቴክኒሻኑ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከተተ። «ሁሉም ሰው ስለ እኔ…» ብሎ አቋረጠ። «ሦስት ሰዓት ላይ ሊያዋርዱኝ ነበር። አንቺ ፊት። ሰው ሁሉ ፊት።»

«ምስሎቹ ተመልሰዋል» አሉ ኃላፊው። «ጋሽ ቅጂ ከሚሞተው ዲስክ ላይ ትንሽ በትንሽ ወደ ጤነኛ ዲስክ እየገለበጡ ነበር። እሳቸው ከወደቁ በኋላም ማሽኑ ሥራውን ቀጥሎ ጨርሷል። ቀትር ላይ ጎተራውን ለማንበብ ብቻ ብዬ ከፈትኩት፤ የሃያው ዓመት ምስል ሁሉ አለ።»

መርማሪዋ የመጨረሻውን ወረቀት አወጣች። «በሁለት ተኩሉ ስናፕሾት ውስጥ ደብዳቤው የለም ብያለሁ፤ ሪፖርቱ ግን አለ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ተሰርዟል። የኔ እመቤት፣ የአባትሽ ጽሑፍ ነው፤ አንቺ አንብቢው።»

ልጅቷ ተቀብላ፣ ተማሪዎቿ ፊት እንደምታነበው ጮክ ብላ አነበበች።

«ለክፍሉ ኃላፊ። ዲስኩን ብቻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሞ ትእዛዙን ተሳስቻለሁ። ምስሎቹ ዛሬ ጠዋት ይመለሳሉ። ሕመምተኞቹንና ሐኪሞቹን ስላጉላላሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ጡረታ ብወጣ ይሻላል። ቦታዬ ለልጄ ባል ይሰጥልኝ። እጁ ፈጣን ነው፤ ሲረጋጋ ከእኔ ይበልጣል።»

ቢሮው ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዘበኛው ባርኔጣቸውን ከወለሉ ለማንሣት ጎንበስ ብለው እዚያው ቆዩ።

«አላነበብከውም?» አለች ልጅቷ።

ባሏ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚያው ነበር እኮ። አንድ ገጽ ነው። ለምን ሳታነበው ሰረዝከው?»

«ስሜን ከነጥፋቴ ተጽፎ ማየት አሳፈረኝ» አለ። «ላለማየት ብዬ ነው ሳልከፍተው የሰረዝኩት።»

ልጅቷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አየችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየች።

«ስምህ እኮ የለም» አለችው። «'የልጄ ባል' ነው የሚለው።»