በቆሻሻው መብራት ቤት የጠራኝ

ስለ ጋኔንና ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ነጠላዬን አራግፌ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ልጆቼ ሲታመሙ እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ ያንን አድርጊ ይህንን እሰሪ ሲለኝ ጠበል ወስጃቸው ተመልሻለሁ። ይህን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ፣ እመኑኝ፣ እኔው ራሴ «ወግድልኝ» እለው ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ ጎንደር፣ ከቀሃ ወንዝ ከፍ ብሎ በነበረው የቆሻሻ መብራት ቤት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰዉ ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የእንፋሎት ሞተር አንድ ነጋዴ አስጠገነና፣ ከተማው የጣለውን ሁሉ፣ የመጋዝ ቤቱን ሰጋቱራ፣ የኑግ ገለባ፣ የተቀደደ ቅርጫት፣ አሮጌ ቁርበት፣ ምኑን ልበላችሁ፣ እያነደደ ውሃ ያፈላል፣ በእንፋሎቱም ሞተሩን እያዞረ ለፒያሳና ለትልልቅ ሰዎች ቤት መብራት ይሰጣል። ውሃው የሚፈላበትን ትልቅ ብረት እኛ ሴቶቹ «ጋኑ» ነበር የምንለው።

እኔ ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ሴት ልጆች የማሳድግበት ሌላ ሥራ ስላጣሁ፣ ከእሳቱ አፍ ሥር ዝቅ ብላ በተሠራች ጉድጓድ ተቀምጬ ድንጋዩንና ብረቱን ከቆሻሻው እለቅማለሁ፣ የቀረውን በመንሽ ወደ እሳቱ እገፋለሁ። መብራቱን ሲያዩ «ሸጋ ነው!» የሚሉት ወይዛዝርት እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጉ ነበር። የባሌ እህት ጥሩወርቅማ «የቆሻሻ ሴት ቤቴን እንዳትረግጥ» ብላ ከባሌ ተዝካር ከልክላኛለች፣ የገዛ ባሌ ተዝካር እኮ ነው፣ አልረሳሁትም፣ ባለችበት ትስማው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ተዋበች ብሎ ነው፣ የክርስትና ስሜ ግን ወለተ ኪዳን ነው። እናቴ «ክፉ ሰው ስምሽን ይዞ መድኃኒት ያደርግብሻል» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እሷም የክርስትና እናቴም ከሞቱ ወዲህ በሕይወት ካለ ሰው ስሙን የሚያውቁት የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ።

ያን ለት ክረምት ነው፣ ቆሻሻው እርጥብ፣ ጢሱ ዓይን ያጠፋል። አንድ ባላባት ልጁን ይድር ስለነበር ካቦው፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ተነካ ንብ ሲዞረን ዋለ።

«ተዋበች! ዛሬ መብራት ቢጠፋ የማን አንገት እንደሚቀላ ታውቂያለሽ?»

«ያንተ ነዋ» አልኩት። «ረዝሞ የሚታየው ያንተ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፣ ቂም የሚይዝ ሰው ነበር፣ እኔም ብሆን አላንስም።

ፀሐይ ስትጠልቅ መብራቱ በራ፣ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ ካቦውም የሠርጉን ቤት መብራት አያለሁ ብሎ ወጣ፣ እኔ ብቻዬን እሳቱን እየመገብኩ ቀረሁ። ጋኑ ሁልጊዜ ሲንጫጫ ነው የሚያመሸው፣ ያን ለት ግን ድንገት ዝም አለ። ዝም ሲል የእሳቱ ነበልባል መወዛወዙን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ንፋስ በሌለበት ቤት እንዳለ ጧፍ። የጢሱ ነገር ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ መቋሚያ ጡብ ላይ ሲነካ ሰማሁ፣ ኳ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ኳ፣ ካህን ሲራመድ እንደምታውቁት። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ፦

«ወለተ ኪዳን!»

«አቤት አባ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ማንነቱን ሳላጣራ አቤት ማለት እንደማይገባ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ምን ላጣራ? ደግሞ አባ እዚህ ቆሻሻ ድረስ የመጡት ከልጆቼ አንዷ ብትሞት ነው ብዬ ልቤ ተሰነጠቀ። መንሹን ጥዬ፣ ከጉድጓዷ ዘልዬ ወጥቼ፣ በሩጫ ደጁ ላይ ደረስኩ።

ደጁ ላይ ዘበኛው አያ ኑሩ ብቻቸውን ቆመዋል። ከእስላሙ ሰፈር ከአዲስ ዓለም ናቸው፣ ቁም ነገረኛ፣ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

«አያ ኑሩ፣ አባ የት ሄዱ?»

«የቱ አባ?»

«አሁን የጠሩኝ ናቸዋ!»

«በዚህ በር ካህን አልገባም» አሉ፣ ትክ ብለው እያዩኝ። «ግን ምነው፣ ወለተ ኪዳን የምትባለው የትኛዋ ናት? ከውስጥ፣ ከእሳቱ በኩል ስትጠራ ሰምቼ አንዷ ሳትሄድ ቀርታ ወንድ አስገብታለች እንዴ ብዬ ልገባ ነበር።»

«እኔው ነኝ» ከማለቴ ከኋላዬ ጋኑ ፈነዳ። ጡቡና የፈላው ውሃ እኔ ተቀምጬባት በነበረችው ጉድጓድ ላይ ወረደ፣ ከተማው ባንድ ጊዜ ጨለመ። እኔን የእሳት ፍንጣሪ አልነካኝም።

ካቦው እየሮጠ መጣ። የሞተ አለ ወይ፣ የቆሰለ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ፖሊስ አስጠርቶ «ይቺ ናት፣ ብቻዋን ነበረች፣ ጭረት እንኳ አልነካትም፣ የከተተችበት ነገር ባይኖር ቀድማ መውጣቱን እንዴት አወቀች?» አለ። እኔ ምን ልበል? ልጆቼ ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፣ ወህኒ ከገባሁ የሚያበላቸው የለም።

«ተጠርቼ ነው የወጣሁት» አልኩ።

«ማን ጠራሽ?»

ያኔ አያ ኑሩ ወደ ፊት መጡና «እኔም ሰምቻለሁ፣ ወለተ ኪዳን ብሎ ጠራት፣ ከእሳቱ በኩል» አሉ።

ካቦው በሳቅ ፈነዳ። «እሳት የክርስትና ስም ያውቃል?»

«ማወቁን አንተ ጠይቀው። እኔ ወላሂ፣ የሰማሁትን ነው የምናገር። ስሟን እንኳ ገና አሁን ማወቄ ነው።»

ፖሊሱ አማተበና «ሂጂ፣ ልጆችሽ ጋ ግቢ» አለኝ። ካቦው በማግስቱ እኔንም አያ ኑሩንም አባረረን፣ ጥሩወርቅ ደግሞ ከእሳት ጋር ትነጋገራለች፣ ቡዳ ናት እያለች አስወራች። የገዛ ዘመዴ ቡዳ ሲለኝ፣ ያ የሌላ እምነት ሰው እንጀራውን አጥቶ ነፍሴን አወጣልኝ። እስኪሞቱ ድረስ ለየዒዱ ማር እወስድላቸው ነበር፣ ምንም ያህል ብወስድ አይበቃም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ለት ዘመድ ሊቀብሩ ማክሰኝት ወርደው ኖሯል።

«እንዴት አድርጎ ነው የጠራሽ? እስቲ አስመስይው።»

ረጋ ብዬ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጌ አስመሰልኩላቸው። መስቀላቸውን እጃቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ልጄ፣ እንዲህ አድርገን የምንጠራው በፍትሐት ነው፣ ሬሳው ፊት ቆመን።»

«እኔ እኮ በዚያ ጥሪ ነው የተረፍኩት፣ አባ።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«አቤት አልኩ።»

መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ከወትሮው አብልጠው አቆዩት።

ልጆቼን አሳድጌ ድሬአለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ የጠሉኝን ሁሉ በቁሜ ቀብሬአለሁ፣ ይህ ሁሉ ከዚያች ምሽት በኋላ የተጨመረልኝ ዕድሜ ነው። ተመስገን የማልልበት ቀን የለም። የጠራኝ ማንም ይሁን ማን፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ትቶኝ እነድ ነበር እላለሁ። ብቻ አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ ቀብሬን ሳስብ አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ካህናቱ ሬሳዬ ፊት ቆመው ያንን ስም በዚያው ዜማ ሲጠሩት፣ እኔ አንዴ መልሼዋለሁና፣ ያን ጊዜ አቤት የሚለው ማን ይሆን?